ጥርኝ ውኃና አንድ ጥማድ መሬት

በየዓመቱ መስከረም 21 ሲቃረብ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው ጎዳና ሌላ መልክ ይይዛል። ሐይቅን አልፎ እስከ ውጫሌ፣ ከዚያም ወደ አምባሰል ተራሮች ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ይተማል። ጉዞው ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ነው፤ የመስቀል ቅርጽ ወዳለው አምባ፣ ግማደ መስቀሉ አርፎበታል ወደሚባለው ስፍራ። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ደጃችን ላይ ቆሜ ይህን ሕዝብ ማየት ከበዓሉ ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር። ሽማግሌው በምርኩዙ፣ እናቲቱ ልጇን አዝላ፣ ጎረምሳው የስእለት ጥላውን ተሸክሞ ያልፋሉ። ሁሉም የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ ምሕረት።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚህች ምሕረት ልከራከር ነው። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር ተራ ምእመን እንጂ ሊቅ አይደለሁም። ሙግቴም ከሁለት ወገን ጋር ነው። አንደኛው በእመቤታችን አማላጅነት የሚዘብት ነው፤ ሁለተኛው የሚነግድበት ነው። ከሁለቱ የትኛው የባሰ ጠላቷ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ዘባቹ እንዲህ ይላል፤ «ተአምረ ማርያም ከአውሮፓ ካቶሊኮች የተቀዳ ተረት ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በጥርኝ ውኃ ዳነ ማለትም ኃጢአትን በርካሽ መቸርቸር ነው።» የንግግሩ መጀመሪያ ከእውነት የራቀ አይደለም። የተአምራቱ መነሻ ስብስብ በ12ኛው መቶ ዓመት በላቲን አውሮፓ፣ በተለይም በፈረንሳይ ተጠናቅሮ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ ዐረብኛ ተመለሰ፤ ከዐረብኛውም በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ገባ። ጣልያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጥናት ይህን መንገድ ተከታትሎታል። ከዚያ በኋላ ግን የአገራችን ደራስያን የራሳቸውን እየጨመሩ መጽሐፉን በብዙ እጥፍ አሳደጉት። በርበሬም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ዶሮ ወጥ የማን እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

የካቶሊኩ ምእመን መቁጠሪያውን ይዞ ስለ እኛ ለኃጢአተኞች ጸልዪ ብሎ ሲማጠን፣ እናቴም ጎሕ ሲቀድ የገብርኤልን ሰላምታ ስትደግም፣ ሁለቱም የሚሹት በዳኛው ፊት የምትቆምላቸውን እናት ነው። በብዙ ነገር የተለያዩት ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ይገናኛሉ። ይቅር ባዩ እግዚአብሔር ነው፤ እርሷ አማላጅ ናት።

አሁን ወደ በላዔ ሰብ እንምጣ። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ የቅምር አገሩ ባለጸጋ በሰይጣን ተታልሎ ልጁን ያርዳል፤ የሰው ሥጋ ከቀመሰ በኋላም ሚስቱንና ቤተ ሰቡን ጨምሮ ሰባ ስምንት ነፍስ ይበላል። በመንገድ ያገኘው በቁስል የተመታ ድኃ ውኃ ሲለምነው በመጀመሪያ ይከለክለዋል፤ ስለ ማርያም ቢለው ግን ልቡ ይራራና በመዳፉ ጥቂት ያቀምሰዋል። በሞተ ጊዜ ነፍሱ በሚዛን ላይ ትቀርባለች። ሰባ ስምንቱ ነፍሳት ይከብዳሉ፤ ኋላ ግን የእመቤታችን ጥላ በውኃው ላይ ያርፍና ሚዛኑ ይደፋል። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ዕለት የሚታሰበው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚሣለው ይህ ነው።

ልጅ ሆኜ ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከነክነኝ ነበር። ሰባ ስምንቱን ማን ጠየቃቸው? የተበሉት እነርሱ፣ ይቅር የተባለው በላያቸው! ዘባቹም የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነውና በሳቅ ልናልፈው አይገባም። ካደግሁ በኋላ ያገኘሁት መልስ ግን ይህ ነው፤ በላዔ ሰብ የበላቸውን መመለስ አይችልም ነበር። ሕይወት አንዴ ከተወሰደች የምትመለስበት መንገድ የለም። ታሪኩ የተጻፈው ሊከፈል በማይችል ዕዳ ሥር ለወደቀ፣ ከተስፋ መቁረጥ አፋፍ ለቆመ ሰው ነው። ለእርሱ፣ ከምድር ሁሉ የቀረህ ጥርኝ ውኃ ብቻ ቢሆንም ተስፋ አትቁረጥ ይለዋል። መመለስ ለሚችል ሰው የተጻፈ የነጻ መልቀቂያ አይደለም።

ሁለተኛው ወገን እንግዲህ እዚህ ላይ ይመጣል፤ መመለስ እየቻለ በበላዔ ሰብ የሚከለል ሰው።

አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርሁም ነበር። የአባቴ የአጎት ልጅ የሆነ ሰው ድንበር ገፍቶ ከእናቴ ይዞታ አንድ ጥማድ መሬት ወሰደ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እርሱ በሐሰት ማለ። እውነቱን ደፍረው የመሰከሩልን አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። የመሬት ልኬታ በመጣ ጊዜም ስሙን በይዞታ ደብተር አስመዘገበ። ሰውየው ግን ግሸንን ቀርቶ አያውቅም። ጧፍ ይገዛል፣ ጥላ ያስገባል፣ ሲመለስም ጠበል ይዞ ለጎረቤት ያድላል።

አንድ ዓመት እናቴ እኔን አስከትላ ስትሄድ በአምባው ዳገት ላይ ተገናኙ። ሰውየው ዕንባ እያነቀው፣ «እቴ፣ እመቤቴ ምራኛለች፤ በሕልሜም አይቻለሁ። አንቺም ይቅር በይኝ» አላት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ እንዲህ አለችው፤ «አያ፣ እሷ የማረችዎትን እኔ ማን ነኝና የምይዝብዎ? ይቅር ብያለሁ። መሬቱ ግን እሷ ዘንድ አይደለም ያለው፤ እርስዎ ዘንድ ነው።»

ሰውየው አሜን ብሎ ወረደ። መሬቱን ዛሬም ያርሰዋል።

አማላጅ የሚለውን ቃል እኮ ከሃይማኖት መጽሐፍ በፊት ከኑሯችን እናውቀዋለን። ሰው የገደለ ሰው በወሎ አበጋሮችንና ሽማግሎችን ይልካል። አማላጁ የሚሄደው ደሙን የለም ለማለት አይደለም፤ የተዘጋውን በር ለማስከፈት ነው። በሩ ሲከፈት በዳዩ በደሉን አምኖ ካሣውን ይዞ ይገባል። ሽማግሌ ልኮ፣ እርቁን ሰምቶ፣ ካሣውን አስቀርቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ቢገኝ አማላጆቹን አዋረዳቸው ይባላል። በምድር ሽማግሌ ላይ ነውር የሆነው ነገር በሰማይዋ አማላጅ ላይ እንዴት ጽድቅ ሊሆን ቻለ?

ካቶሊኩ ዓለም ይህን ፈተና ቀድሞን ቀምሶታል። የስርየት ወረቀት በገንዘብ ሲቸረቸር ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 ዘጠና አምስቱን አንቀጾች ይዞ ተነሣ፤ ምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም ለሁለት ተሰነጠቀ። ካቶሊኮቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1551 በትሬንት ጉባኤ የንስሐ ነገር ከጸጸትና ከኑዛዜ ጋር ካሣንም እንደሚጨምር አጸኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ትምህርተ ክርስቶሳቸውም የተሰረቀ ለባለቤቱ ይመለስ ይላል። የእኛም ንስሐ አባት ቀኖና የሚሰጠው በከንቱ አይደለም። ወንጌሉም ያው ነው፤ ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ በቆረጠ ጊዜ ነው ቤቱ መዳንን ያየው።

ግሸን ራሷ ሌላ ምስክር አላት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከመንገሡ በፊት እንደ ሌሎች የነገሥታት ልጆች በዚያው አምባ ላይ ታስሮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1434 ነግሦ የእመቤታችን ተአምር በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ በዓላቷም በዓመት ሠላሳ ሦስት ጊዜ እንዲከበሩ ደነገገ። ከነገሥታቱ እንደ እርሱ ያከበራት የለም። ሆኖም ለሥዕሏና ለመስቀሉ አንሰግድም ያሉትን የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች (ከእኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ ጋር በስም እንጂ በነገር አይገናኙም) አስገርፏል፤ ምላስና አፍንጫ አስቆርጧል፤ አስገድሏል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ» ብለው ወደ አማርኛ ያመጡልንን ገድላቸውን ያነበበ ያውቀዋል። የሃይማኖት ክርክሩን ለሊቃውንት እተዋለሁ። እኔን የሚያስደነግጠኝ እናትን በማክበር ስም የሰው ልጅን መቁረጥ መቻሉ ነው። ፍቅሯ የልብን ጭካኔ ካላራራ፣ በዓሏ ሠላሳ ሦስትም ቢሆን ሦስት መቶ ምን ይረባል?

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «ምሕረት በዋጋ አትገዛም፤ መመለስን ቅድመ ሁኔታ ካደረግህ አንተም ነጋዴ ሆንህ» የሚለኝ ይኖራል። ከባድ ነገር ነው፤ ግን የተሳሳተ ነው። የሰውን ዕቃ መመለስ ክፍያ አይደለም፤ የራስ ያልሆነውን መልቀቅ ነው። በእኛም ሥራ አንድ ልማድ አለ። ሊመለስ ያልቻለ ብድር ከባንኩ የሒሳብ መዝገብ የሚሰረዝበት ጊዜ ይመጣል። ተበዳሪው ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ይሆናል፤ ሆኖም ከመዝገብ መሰረዙ ከጫንቃው አወረደለት ማለት አይደለም። ባንኩ የራሱን መዝገብ አጠራ እንጂ ዕዳው የተበዳሪው እንደ ሆነ ይኖራል። የእኛ ሰው ከግሸን ይዞ የሚወርደው ምሕረት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ስረዛ ይመስለኛል፤ የገዛ ኅሊናውን መዝገብ አጥርቶ ይመለሳል፤ የመበለቲቱ መሬት ግን በእጁ ነው።

ጥርኝ ማለት ምን እንደ ሆነ እናስተውል። መዳፍ ተከፍቶ፣ ጎድጎድ ብሎ የሚይዘው ያህል ማለት ነው። የጨበጠ እጅ ጥርኝ አይሆንም። በላዔ ሰብን ያዳነው የውኃው ብዛት አልነበረም፤ ሲነጥቅ የኖረ እጅ በስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ መከፈቱ ነበር። ጥላዋም ያረፈው በተከፈተ እጅ ስጦታ ላይ ነው።

ይህን ስጽፍ እኔም ንጹሕ እንዳልሆንሁ አውቃለሁ። እናቴ ዳገቱ ላይ የለቀቀችውን ቂም እኔ እስከ ዛሬ ጨብጬ ይዣለሁ። ሰውየው መሬቱን፣ እኔ ቂሜን ጨብጠን፣ በሚመጣው መስከረም ሁለታችንም ያንኑ ዳገት ልንወጣ ነው። ስለዚህ ጸሎቴ ለእርሱ ብቻ አይደለም።

ጥርኝ ውኃ ቢበልጥ ከሰባ ስምንት ነፍስ፣
ከተከፈተ እጅ ነው ወርዶ የሚፈስ።
ጨብጦ የመጣ ሰው ጥላሽን ቢለምን፣
ጠብታ በሌለበት ምኑ ይመዘን?
ከሚዛኑ በፊት እጄን ክፈቺልኝ፣
የሰው ለሰው ሲደርስ ጥላሽን ጣይልኝ።