«ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



በሐጅ ዩሱፍ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ይህን የሰላምታ ሥርዐት ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ሱቅ ሲታ ላይ ይገናኛሉ። «ደኅና ነህ ወይ? ልጆች ደኅና?» ይባባላሉ። ሦስተኛው ጥያቄ «ፕሮሰስስ እንዴት ሆነ?» ነው። መልሱም «ተመስገን፣ ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ነው። ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ጠያቂው ከዚያ በላይ አይጠይቅም፤ ተጠያቂውም ከዚያ በላይ አያውቅም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ፈንድቶ ነፍሳችንን ይዘን ከወጣን ወዲህ ቤታችን ተለወጠ፣ ጎረቤታችን ተለወጠ፤ ይህች ቃል ግን ከሐጅ ዩሱፍ ተከትላን እዚህ መጠለያ ድረስ ገብታለች። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።)

እኛ በዚህች ቃል ላይ ክስ አለን። ክሳችን «ባዕድ ናትና ከአማርኛ ትውጣ» የሚል አይደለም። ፖሊስም ራዲዮም ባዕድ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ማንም ሲሰማቸው ምን እንደሆኑ ያውቃል። የእኛ ክስ ይህች ቃል ትዋሸናለች የሚል ነው። ክሱንም በማስረጃ እናቅርብ።

በመጀመሪያ ከየት መጣች? ሥሯ ላቲን ነው፤ ትርጓሜውም «ወደ ፊት መሄድ» ነው። ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ገባች። በፈረንሳይኛ እስከ ዛሬ የፍርድ ቤት ሙግት መጠሪያ ናት። በእንግሊዝኛም ግሥ ሆና ስትሠራ ከቀደሙት ትርጓሜዎቿ አንዱ «ሰውን በሕግ መክሰስ» ነበር፤ ይህም በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ፋብሪካ ሲስፋፋ፣ ጥሬ ዕቃን በመኪናና በኬሚካል አሳልፎ ሌላ ነገር ማድረግ «ፕሮሰስ ማድረግ» ተባለ። ሰውን መዝግቦና መርምሮ ማሳለፍ በዚሁ ቃል መጠራት የጀመረው ደግሞ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። እንግዲህ ቃሏ ወደ እኛ የደረሰችው በፍርድ ቤትና በፋብሪካ በኩል አልፋ ነው።

የሚያስገርመው ሌላ ነው። የእኛው ሊቃውንት ለዚህ ቃል «ሂደት» የሚል አቻ ሰጥተውታል፤ «ሄደ» ከሚለው ግሥ። የካርቱም ቢሮ ጸሐፊ «ኢጅራአት» ሲል የሚጠቀምበት የዐረብኛ ቃልም ሥሩ መሮጥ፣ መፍሰስ ነው። ላቲኑ ይሄዳል፣ ዐረቡ ይሮጣል፣ አማርኛውም ይሄዳል። በሦስት ቋንቋ መንገድ የሆነ ነገር፣ በእኛ አፍ መቀመጫ ሆኗል! «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል ሰው እኮ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው፣ በአንድ ነገር ላይ ዐርፎ ያለ ነው። «እየሄድኩ ነው» እያለ ቆሟል። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው።

ሁለተኛው ውሸት ከሰዋስው ይወጣል። በእንግሊዝኛ ይህ ግሥ ሲነገር አድራጊው ቢሮው ነው፤ ተደራጊው ፋይሉ ወይም ሰውዬው ነው። እኛ ግን «ፕሮሰስ ጀመርኩ» እንላለን። ማን ነው የጀመረው? እኛ የሠራነው ታውቋል፤ ተሰልፈናል፣ ፎርም ሞልተናል፣ አሻራ ሰጥተናል፣ ያየነውን ተናግረናል። ይህ ማመልከት ይባላል። መመርመሩ፣ መወሰኑ፣ ማሳለፉና መጣሉ የሌላ ሰው ሥራ ነው። «ጀመርኩ» ባልን ቁጥር ሥልጣን በእጃችን ያለ ይመስለናል፤ የዘገየ እንደሆነም ጥፋቱን በራሳችን ላይ እንፈልጋለን። ተጠያቂው ግን መልስ ሳይሰጥ ዓመት ያሳለፈው ቢሮ ነው።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ቆዳ ይለፋል፣ ቡና ይቀሸራል፣ ፊልም ይታጠባል፣ ወተት ይናጣል፣ ማመልከቻ ይመረመራል፣ እንግዳ ይስተናገዳል። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ጠቅልሎ ሲያልፋቸው አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ግሥ ሰጥቶታል። ሰው ሲመጣ የምንለው «ማስተናገድ» ከ«እንግዳ» ጋር አንድ ዘር ነው። በዚህ ግሥ ውስጥ የመጣው ሰው እንግዳ ነው፤ ተቀባዩም ግዴታ አለበት። በ«ፕሮሰስ» ውስጥ ግን ሰውዬው ከቆዳውና ከፊልሙ ጋር አንድ መደዳ ተሰልፏል።

ወገኖቻችን፣ ይህ የቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ወረቀትና ቀለም ባላጠፋን ነበር። ቃሏ በኑሯችን ላይ የምታደርሰውን እንመልከት።

ደላላ ሲመጣ «የሐሰት ወረቀት እሸጥልሃለሁ» አይልም፤ ያንን ማንም ይሸሸዋል። «ፕሮሰስህን አስጀምርልሃለሁ» ነው የሚለው። ገዢው ምን እንደገዛ ቢጠየቅ መናገር አይችልም፤ ቃሏ ራሷ ባዶ ስልቻ ናትና የፈለጉትን ይጨምሩባታል። ምዝገባም ሆነ ቃለ መጠይቅ፣ ሦስተኛ አገር ማስፈርም ቢሆን፣ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ዘንድ በነጻ ነው። «ምዝገባ እሸጥልሃለሁ» ቢባል ሁላችንም እንስቅ ነበር። «ፕሮሰስ» ሲባል ግን የእኅታችን የጆሮ ወርቅ ይሸጣል።

ደግሞም ስንቱን ነገር በእርሷ ሰበብ አቆይተነዋል? «ፕሮሰስ ላይ ስለሆንኩ ትምህርቱን እዚያ ስሄድ እጀምራለሁ» ያለው ወጣት ከሐጅ ዩሱፍ እስከዚህ ጢሙ ሸብቷል። «ፕሮሰሱን ያበላሽብኛል» ብሎ ጋብቻውን የደበቀ፣ ልጁን ያላስመዘገበ በመካከላችን አለ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ያልተነገረው ጋብቻና ያልተመዘገበው ልጅ ናቸው ኋላ በቃለ መጠይቅ ላይ ፋይሉን የሚያሰናክሉት። እኛም ራሳችን ከዚህ ነጻ አይደለንም። ሐጅ ዩሱፍ ሳለን ለጣራችን መጠገኛ ቆርቆሮ ሳንገዛ ስንት ክረምት በፍሳሽ ሥር አሳለፍን! «ዘንድሮ መሄዳችን ነውና ምን ያደርጋል» እያልን ነበር።

«ተስፋችንን አትንኩ» የሚሉን አሉ። ከጦርነቱ በፊት በካርቱም ቡና ላይ ብለውናል፣ እዚህም ይሉናል። «ሰው ያለ ተስፋ አይኖርም፤ ቃሏ ባዶም ብትሆን ታኖረናለች፤ ደግሞስ በእርሷ የሄደ የለም ወይ?» ይላሉ። ይህን ክርክር አንንቀውም። የሄደ አለ። ከ1974ቱ አብዮትና ከቀይ ሽብር ሸሽቶ ሱዳን ከገባው ሕዝብ ብዙ ሺሑ፣ በተለይም አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች ወዲህ፣ ሦስተኛ አገር ገብቷል። ዛሬ በየከተማው የምንሰማቸው ሐበሾች ከፊሎቹ በገዳሪፍና በካርቱም ያለፉ ናቸው።

ያው ታሪክ ግን ሌላም ገጽ አለው። በደርግ ዘመን ለተሰደዱት ኢትዮጵያውያን «የተሰደዱበት ምክንያት ቀርቷል» ተብሎ፣ በግል አሳማኝ ምክንያት ካላቀረቡ በቀር፣ የስደተኝነት መብታቸው ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ እንዲያበቃ ተወስኗል። በጃንዋሪ 2017 አሜሪካ ስደተኛ መቀበሏን ለ120 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ወጣ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ሌላ የእገዳ ትእዛዝ ወጥቶ፣ ጉዞ የተያዘላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ቀሩ። በዓለም ካለው ስደተኛ መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ ሦስተኛ አገር የሚሰፍረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከዚህ የምንማረው ተስፋ መቁረጥን አይደለም። በሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ነው። ተስፋ የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ እየጠበቀም ይሠራል። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ብሎ የተቀመጠ ግን የሚጠብቀውን አያውቅም፤ ሥራውንም ትቷል። እንግዲህ ተስፋችንን የነካው ማን ነው? እኛ ወይስ ቃሏ?

ስለሆነም የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ያለንበትን በስሙ እንጥራው። የተመዘገበ «ተመዝግቤአለሁ» ይበል። ቀጠሮ ያለው «ለቃለ መጠይቅ ተቀጥሬአለሁ» ይበል። የተጠየቀው «ቃሌን ሰጥቼ መልስ እጠብቃለሁ» ይበል። የተከለከለው «ተከልክዬ ይግባኝ ብያለሁ» ይበል። ከካርቱም ስንወጣ ነገሩ የተቋረጠብን ደግሞ «ፋይሌ የት እንዳለ አላውቅም» እንበል። ይህን መናገር ውርደት አይደለም። እንዲያውም «አላውቅም» ያለ ሰው ነገ ማልዶ ሄዶ ይጠይቃል፤ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ያለ ግን የሚጠይቀው የለውም። የፋይሉን ቁጥር፣ የሄደበትን ቀንና የተሰጠውን መልስ በደብተር ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ወገን ካለ የሰፈሩ ልጆች ይጻፉለት።

ከጠረጴዛው ወዲያ ለተቀመጡትም የምንለው አለን። ልታስተናግዱን እንጂ እንደ ቆዳ ልታለፉን አልተቀመጣችሁም። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ጉዳዩን ማን ይዞታል? የት ደርሷል? ምን ይጎድለዋል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ሥራችሁ ነው፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁንልን። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም «አይሆንም» በሉን። ሰው «አይሆንም»ን ሰምቶ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ለእርስ በርሳችን ደግሞ አንድ ልመና እናክልና እናብቃ። ከነገ ጀምሮ ቡና ላይ ስንገናኝ «ፕሮሰስስ?» መባባሉ ይቅርና «ማመልከቻህ ምን ላይ ደረሰ?» እንባባል። ከዚያም ሌላ ጥያቄ እንጨምር፤ «አንተስ እስከዚያ ምን እየሠራህ ነው?» ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሆን መልስ ከየትኛውም ቢሮ አይመጣም፤ ከራሳችን እንጂ።