ስም ያለው ሽቶ፣ ስም የሌለው ዕጣን

«ፕሪንስ ማቻቤሊ» የሚል ሽቶ አሜሪካ ውስጥ አይቶ ስሙን የነጋዴ ፈጠራ ነው ብሎ ያለፈ ሰው አይፈረድበትም። ሰውየው ግን በእርግጥ ነበሩ፤ ልዑልነታቸውም እውነት ነው። ጊዮርጊ ማቻቤሊ የጆርጂያ መሳፍንት ዘር ናቸው። (አትላንታ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የካውካሰሷን ጆርጂያ ነው የምላችሁ።) በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1921 የሶቪየት ጦር ትብሊሲን ሲይዝ እሳቸው በጣሊያን የአገራቸው መልእክተኛ ነበሩ። መንግሥታቸው ሲጠፋ ሹመቱም አብሮ ጠፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከባለቤታቸው ከኖሪና ጋር ኒውዮርክ፣ ማዲሰን አቬኑ ላይ የጥንት ዕቃ መሸጫ ትንሽ ሱቅ ከፍተው እናገኛቸዋለን።

ከእኛው አብዮት በኋላ ዋሽንግተን ደርሰው ታክሲ የነዱ፣ የመኪና ማቆሚያ የጠበቁ የእኛን ሹማምንት የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ማቻቤሊ ግን አንድ ነገር ይዘው ነበር። በርሊን የተማሩት የማዕድን ምሕንድስና ቢሆንም ሽቶ መቀመም ይወዱ ነበር። ለሱቋ ደንበኞችና ለወዳጆቻቸው እንደየሰዉ ጠባይ እየለዩ ይቀምሙ ጀመር። በ1926 ነገሩ ኩባንያ ሆነ።

የሽቶዎቹ ስም «ልዕልት ኖሪና»፣ «የጆርጂያ ንግሥት»፣ «አቬ ማሪያ» ነበር። ጠርሙሱ የቤተሰባቸው ዘውድ ቅርጽ ሆኖ ተሠራ፤ ክዳኑ መስቀል ነው። ኖሪና በመድረክ ስሟ ማሪያ ካርሚ ተብላ የታወቀች ጣሊያናዊት ተዋናይ ስለነበረች ተመልካችን ምን እንደሚስበው ታውቃለች። ልዑሉን «ዘውዱን ቸረቸረ» ብሎ የሚያማቸው አይጠፋም፤ እኔ ከሐሜተኞቹ ጋር የለሁበትም። በማያውቁት ከተማ፣ ያለ ዘመድ፣ የፈረንሳይ ሽቶ ብቻ በሚከበርበት ዘመን ንግድ የጀመረ ስደተኛ ያለውን ነው የሚያወጣው። እሳቸው የነበራቸው ዘውድ ነው። ደግሞም ዘውዱ ደንበኛን በር ድረስ ያመጣል እንጂ ሽቶው ቆዳዋ ላይ ካልተስማማት ለሁለተኛ ጊዜ አያስገዛትም። አንዲት ሴት ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አነጋግሮ፣ ለእሷ ብቻ መቀመም ያኔም ዛሬም ትልልቆቹ ኩባንያዎች በብዛት የማይችሉት ሥራ ነው።

የሚያሳስበኝ የታሪኩ ቀሪ ክፍል ነው። ልዑሉ በ1935 በሳንባ ምች ሞቱ። በዓመቱ ኩባንያው በ250,000 ዶላር ተሸጠ። በ1941 ደግሞ የቪክስ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ገዛው፤ አዎ፣ እናቶቻችን ጉንፋን ሲይዘን ደረታችንን የሚያሹን ያው ቪክስ። በስሙ ከወጡት ሽቶዎች ሁሉ የታወቀው «ዊንድ ሶንግ» ገበያ የገባው በ1953፣ ልዑሉ ከሞቱ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ዘውዱም «ፕሪንስ» የሚለውም ጠርሙሱ ላይ እንዳሉ ቆይተዋል። ሽቶውን ግን የማቻቤሊ እጅ አልነካውም።

ይህ የሆነው በክፋት አይደለም፤ የሽቶ ንግድ እንዲህ ስለሆነ ነው። ዘፈን የደረሰ ሰው ዘፈኑ በሕግ ይጠበቅለታል፤ ሽቶ የቀመመ ሰው ቅመራው በአብዛኛው አይጠበቅለትም። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የሽቶ አገር በምትባለው አገር፣ በሰኔ 2006 የሽቶ መዓዛ እንደ ድርሰት መብት አያሰጥም ብሎ ወሰነ። በሦስተኛው ቀን የኔዘርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቃራኒውን ፈረደ። አሜሪካ ከሁለቱም ቀድማ፣ በ1968፣ የሻኔል ቁጥር 5ን አስመስሎ የሠራ ነጋዴ በማስታወቂያው «ከእሱ አይለይም» ብሎ እንዲጽፍ ፈቅዳለች፣ እውነቱን እስከተናገረ ድረስ። ዛሬማ ከአንድ ብልቃጥ ጥቂት ጠብታ ወስዶ ውስጡ ያለውን ዘርዝሮ የሚያወጣ መሣሪያ አለ። ዓመት የለፋችሁበትን መዓዛ በአጭር ጊዜ ቀርቦ ይገለብጠዋል። ሕጉ አጥብቆ የሚጠብቅላችሁ ስሙን ነው፤ ስም ደግሞ ይሸጣል።

እንግሊዛዊቷ ጆ ማሎን ይህን በቁሟ አይታዋለች። በ1999 በስሟ የሚጠራውን ድርጅቷን ለኤስቴ ላውደር ሸጠች፣ በ2006 ለቀቀች፤ እንደገና ሽቶ መሥራት ሲያምራት የራሷን ስም መጠቀም ስላልቻለች በ2011 «ጆ ላቭስ» ብላ በሌላ ስም ጀመረች። እንዲያውም የእሷ ይሻላል፤ በሕይወት ሳለች ሌላ ስም ማውጣት ችላለች።

ይህን ሁሉ የማወራው ሜሪላንድ፣ ለንደን ወይም ዱባይ ቤቷ ውስጥ ትንሽ ሚዛንና ብልቃጥ ደርድራ ሽቶ ለምትጀምር ኢትዮጵያዊት ነው። ከእሷ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር አለ፤ ንግሥተ ሳባን። ጠርሙሱ ላይ ግመል፣ ውስጡ ዕጣን፣ ከጎኑ ጀበና። ፈረንጁ ይህን ቢፈልግ አልገረምም። የሚያናድደኝ የራሳችን ሰው «አገርሽን ካልሸጥሽ ምን ትሸጫለሽ?» ሲላት ነው። ጽጌረዳና ሎሚ መቀመም ብትፈልግስ? ሮም የተማረ ሠዓሊያችንን ጎጆ ቤት ብቻ ሣል አንለውም።

አገሯን መሸጥ ከፈለገች ደግሞ ታሪኩን ትወቅ። ዝባድን ለዓለም የላክን እኛ ነን። ከጥርኝ እየተፋቀ፣ በከብት ቀንድ ታሽጎ፣ ለዘመናት ወደ ውጭ ሲጓዝ ኖሯል። የሚገርመው ልዑሉ ኩባንያቸውን ባቋቋሙበት በዚያው በ1926፣ ስዊዘርላንድ የሚሠራው የክሮኤሺያ ተወላጅ ኬሚስት ሊዮፖልድ ሩዚችካ (እሱም ስደተኛ) የዝባዱን ጠረን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ምን ዓይነት አሠራር እንዳለው ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ጠረኑን ያለ ጥርኝ መሥራት እየቀለለ ሄደ። ሻኔልም ከ1998 ጀምሮ የተፈጥሮውን ዝባድ ተወሁ ብሏል። ለእንስሳቱ ሲባል ጥሩ ነው እላለሁ፤ በጠባብ ቀፎ ታስሮ ዕድሜውን የሚጨርስ ጥርኝ ለማንም የሚያኮራ አይደለም። ነገር ግን ያ ሁሉ ቀንድ ዝባድ ከአገር ሲወጣ የሊሙን ወይም የከፋን ስም ይዞ ጠርሙስ ላይ የደረሰ አላየሁም።

ዕጣኑም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ከመተማ እስከ ተከዜ ሸለቆ ያለው የእኛ ዛፍ ለዓለም ገበያ ብዙውን ዕጣን ከሚሰጡት ዛፎች አንዱ ሳይሆን ዋናው ነው። ሽቶ ወዳዱ ዓለም ዕጣን ሲባል የሚያስታውሰው ግን ኦማንን ነው። ኦማን በ1983 «አሙዋዥ» የተባለውን የሽቶ ቤት ከፍታ የመጀመሪያውን ሽቶ ፈረንሳዊው ጊ ሮበርት እንዲቀምምላት አደረገች። ቀማሚውን ከውጭ ጠርታ ስሙን አገሯ ላይ አስቀረች፤ ብልጠት ይሏል ይህ ነው።

እኛ ለቡናው ነቅተን ነበር። በ2005 መንግሥት ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋ ጨፌን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ከብዙ ንትርክ በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ለዕጣኑ እንዲህ የተሟገተለት የለም። ጊዜውም የሚጠብቅ አይመስልም። በ2019 ታትሞ የወጣ ጥናት በዕጣን ዛፎቻችን ሥር አዲስ ችግኝ እያደገ እንዳልሆነ፣ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ከብት ቡቃያውን ይግጠዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል፣ የቆመውም ከልክ በላይ ይደማል። በጅምላ የሚገዛ ትልቅ ፋብሪካ ዛፉ ስንት ቦታ እንደቆሰለ አይጠይቅም። ጥቂት ኪሎ የምትገዛ ቀማሚ ግን ልትጠይቅ ትችላለች፤ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣም ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ልትጽፍ ትችላለች። በትንሽነት የሚገኝ ጥቅም ቢኖር ይህ ነው።

የቀረው ጣጣ የሥራ ጣጣ ነው። ሽቶ አልኮል ስላለው የአሜሪካ ፖስታ ቤት ወደ ውጭ አገር አይልክላትም፤ በአገር ውስጥም በምድር እንጂ በአየር አይወስደውም። በ2022 የወጣው የአሜሪካ የመዋቢያ ዕቃዎች ሕግ አማካይ ዓመታዊ ሽያጩ 1 ሚሊዮን ዶላር ላልሞላ ነጋዴ ምዝገባውን ያስቀርለታል። አውሮፓ ያለችው እህታችን ግን እያንዳንዱን ሽቶ በባለሙያ አስመርምራ ሳታስመዘግብ አንድ ብልቃጥ መሸጥ አትችልም። ይህ ይለመዳል፤ ሌሎችም ለምደውታል።

ጠበቃ ማማከር ያለባት በስሙ ጉዳይ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው መለያ ከመታተሙ በፊት። ወዳጆቼ «የራስ ስም ነው የሚያምረው፣ ፈረንጅ የሰው ታሪክ ይወዳል» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ማቻቤሊም ያለ ስማቸው ያን ያህል ባልተሸጡ ነበር። ቢሆንም እኔ እሷን ብሆን ለኩባንያው አዲስ ስም አወጣለታለሁ፤ መተማን ከጠርሙሱ ጀርባ የዕጣኑ መነሻ አድርጌ እጽፋለሁ፤ የአባቴን ስም ለመታወቂያዬ አስቀረዋለሁ። ገዢ ሲመጣ ኩባንያውን ይዞ ይሂድ።