ከምስክር ወረቀቱ በፊት መርማሪው





የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሀና ማርያም ነው፤ ሥራዬም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ነው፡፡ በሰፈራችን ቤት የሚከራይ ሰው ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱና ስለ ኪራዩ ይጠይቃል፤ ቤቱ በወር ምን ያህል መብራት እንደሚፈጅ ግን የሚጠይቅም የሚነግርም የለም፡፡ ለግቢው ሁሉ ቆጣሪው አንድ በሆነበት ስፍራም ሒሳቡ በሰው ወይም በአምፖል ቁጥር ይካፈላል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል፡፡

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋልና ስለ ቁጠባ ማሰብ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል፡፡ ዳሩ ግን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት ከፍ እንዲል ስለ ተወሰነ፣ በከንቱ የሚባክነው ኃይል ከደመወዝተኛው ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው፡፡

ሒሳቡን እንመልከት፡፡ ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ ግን አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም፡፡ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ በሁለት ሰዓት ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል፡፡ እንግዲህ በአምፖል ቁጥር የሚካፈል ሰው ምጣድ ለሌለው ጎረቤቱ ይፈርዳል ወይስ ይፈርድበታል?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ ሕንፃ ሲሠራ፣ ሲሸጥ ወይም ሲከራይ የኃይል አጠቃቀሙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲቀርብ አዘዘ፡፡ በእንግሊዝ አገር ይህ እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀመረ፤ ቤቱም ከኤ እስከ ጂ ባለው ፊደል ደረጃ ይሰጠዋል፡፡ ነገሩ ማለፊያ ነው፡፡ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 የብሪታንያ መንግሥት ያሳተመው ጥናት፣ አንዱን ቤት ልዩ ልዩ መርማሪዎች ሲያዩት የተለያየ ደረጃ እንደ ሰጡት አሳየ፡፡ ቤቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚለካው ሰው ነው፡፡ ሚዛኑ ካልታመነ ወረቀቱ ምን ይጠቅማል?

በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ለኢነርጂ ቁጠባ ስፍራ ሰጥቷል፡፡ ስለዚህ ለሕንፃዎች የምስክር ወረቀት የሚታሰብበት ቀን ሲመጣ፣ አስቀድሞ ስለ መርማሪው ሦስት ነገር እንዲወሰን አሳስባለሁ፡፡

አንደኛ፤ መርማሪው ተምሮና በተግባር ተፈትኖ ፈቃድ ያገኘ ይሁን፡፡ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጡ የኤሌክትሪክና የግንባታ ልጆቻችን ለዚህ ሥራ ሊሠለጥኑ ይችላሉ፡፡ ፈቃዱም ለዘለዓለም አይሁን፤ በየጊዜው እንደ ገና ይፈተን፡፡

ሁለተኛ፤ መርማሪው የሕንፃው ሠሪ፣ የዕቃው ሻጭ ወይም የባለቤቱ ዘመድ አይሁን፡፡ ስሙና የፈቃዱ ቁጥር በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ከመረመራቸውም ቤቶች ጥቂቶቹን ሌላ ሰው ሳይነገረው ሄዶ ይድገማቸው፡፡

ሦስተኛ፤ የእኛን ቤት በእኛ መለኪያ ይለካ፡፡ የአውሮፓ መለኪያ ከሁሉ ይልቅ የሚያስበው በክረምት ስለሚሞቅ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆና ብዙው ቤቷ በማሽን አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም፡፡ የእኛ መርማሪ ኮርኒስ የሌለውን የቆርቆሮ ጣራ፣ የምጣዱን ዓይነት፣ የውሃ ማሞቂያውንና የውሃ መሳቢያውን ሞተር፣ የሽቦውንም መስመር ይመልከት፡፡ ትልልቁን ሕንፃ ደግሞ ፀሐይ በምዕራብ በኩል የሚመታው መስተዋት ስንት ማቀዝቀዣ እንዳስገዛው ይጠይቅ፡፡

ይህ ሁሉ ጊዜ የሚፈልግ ነው፡፡ እስከዚያው ግን ያለ አንዳች መርማሪ የሚሠራ ነገር አለ፡፡ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል፡፡ በዚያው ውል ላይ ቤቱ ባለፉት ወራት የፈጀው ኪሎዋት ሰዓትና የሒሳቡ አከፋፈል በአንድ መስመር ቢጻፍ ተከራዩ የሚገባበትን ያውቃል፤ አከራዩም ከሐሜት ይድናል፡፡

አከራዮች ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ደጅ መጥናት ተጨመረብን ይሉ ይሆናል፡፡ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፡፡ ማኅተም ብቻ የሚያትም መርማሪ ከመጣ ለእነርሱ ዕዳ፣ ለተከራዩም ውሸት ይሆናል፡፡ መርማሪው ይቅደም የምለውም ስለዚህ ነው፡፡ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ከወዲሁ ያስቡበት፡፡

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሀና ማርያም፣ አዲስ አበባ