ለወንድ ልጃችን የትኛውን ስም እናውጣ?

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 35፥16-18፤ 1ኛ ዜና 4፥9-10፤ ሉቃስ 1፥57-66



እኛ በዓለም ከተማ የምናገለግል ሰዎች ደጋግሞ የሚገጥመን ጥያቄ አለ። ወላጆች አራስ ልጃቸውን በጉባኤ ፊት ለማስጸለይ ሲመጡ ስሙን ስንጠይቃቸው፣ “ገና አልተስማማንም” ይሉናል። ባል “ናታን” ይላል፣ ሚስት “ኢዮስያስ” ትላለች። ከመርሐቤቴ ገጠር ሊጠይቁ የመጡት አያት ደግሞ “ምትኩ በሉልኝ” ብለው ይለምናሉ። ከውጭ ለሚያይ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ አያትም የልጅ ልጃቸውን ሳይስሙ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አይተናል። ስለዚህ ዝም ልንል አንችልም።

ስም በአገራችን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያልፍ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ዛሬ ለሕፃኑ የምናወጣው ስም ነገ ለልጆቹ የአባት ስም፣ ከነገ ወዲያም ለልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል። የሦስት ትውልድ መጠሪያ ነውና አያቶች ድምፅ እንዲኖራቸው መፈለጋቸው አያስገርምም።

ሌላም ምክንያት አለ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ከመጠሪያ ስሙ ሌላ የክርስትና ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ የወደደውን፣ ቤተ ክርስቲያንም የራስዋን ታወጣለች፤ ሁለቱ አይጋጩም። በእኛ በወንጌል አማኞች ቤት ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ስም ሁለቱንም ሥራ እንዲሠራ እንፈልጋለን። እምነታችንንም እንዲመሰክር፣ ቤተሰቡንም ደስ እንዲያሰኝ። ክርክሩ የሚጠነክረው ለዚህ ነው።

በዚህ መካከል ሁለት ስሕተቶች ሲገቡ እናያለን።

የመጀመሪያው “የድሮ ስም እርግማን ይዞ ይመጣል” የሚለው ትምህርት ነው። አባቶቻችን ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ብለው ሲሰይሙ ኀዘናቸውንና መጽናናታቸውን በአንድ ቃል መናገራቸው ነበር። በቀለ፣ ታደሰ ሲሉም ምስጋናቸውን መግለጣቸው ነበር። አሁን ግን እንዲህ ያለውን ስም የሰሙ አንዳንዶች “መንፈሱ ይከተለዋል፣ ለውጡት” ይላሉ። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አያስተምርም። ያቤጽን እናቱ የሰየመችው በጣር ስለ ወለደችው ነው፤ ስሙም ጣሯን የሚያስታውስ ነበር። ያቤጽ ግን ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፣ እግዚአብሔርም የለመነውን ሰጠው። ስሙ ተለወጠ የሚል አናነብም። እንዲያውም ዛሬ ብዙ አማኞች ልጃቸውን ያቤጽ ይላሉ! በአዲስ ኪዳንም ዲዮናስዮስና ሄርሜን የሚባሉ አማኞች አሉ። ስሞቻቸው ከግሪክ ጣዖታት ስም የመጡ ናቸው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ሄርሜንን በዚያው ስሙ ሰላም አለው እንጂ ስምህን ለውጥ አላለውም (ሮሜ 16፥14)። በአንጻሩ አቤሴሎም የሚለው ስም ሰላምን የያዘ ነው፤ ባለ ስሙ ግን በአባቱ ላይ ጦር አነሣ። መልካም ስም መልካም ልብ አይፈጥርም።

ከአገራችንም ምስክር አለን። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው አናሲሞስ ነሲብ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም “ተርጓሚ” ማለት ነው። በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ፣ በኋላም ነጻ ወጣ፤ በምፅዋ በሚስዮናውያን ዘንድ ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። የተረጐመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ያን ሥራ አስቀድሞ የሚናገር የሚመስለው ከጥምቀት በኋላ ያገኘው ስም ሳይሆን ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነው። ወላጆቻችን ያወጡትን ስም ለመናቅ አንቸኩል።

ሁለተኛው ስሕተት “ጌታ ተናግሮኛል” ብሎ ክርክሩን መዝጋት ነው። ባል ይህን ካለ ሚስት ምን ትመልሳለች? ብዙዎች የዮሐንስን ልደት ይጠቅሳሉ። በእርግጥ ጎረቤቶችና ዘመዶች ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ሲፈልጉ እናቱ እምቢ አለች፣ ዘካርያስም ዮሐንስ ብሎ በሰሌዳ ላይ ጻፈ። ነገር ግን ልብ እንበል፦ በዚያ ስሙን መልአኩ በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ ባልና ሚስትም አንድ ሆነው ቆመዋል። እግዚአብሔር ባልተናገረበት ቦታ የራሳችንን ምርጫ በስሙ ማተም ስሙን በከንቱ መጥራት ነው። “ይህን ስም እኔ ወድጄዋለሁ” ማለት ነውር የለበትም። እውነቱን እንዲያ ብለን እንናገር።

ታዲያ ሁለት የምንወዳቸው ስሞች ሲኖሩ እንዴት እንምረጥ?

አስቀድመን ስሙ በሕፃኑ ላይ ምን ሸክም እንደሚጭንበት እንጠይቅ። ራሔል በምጥ ልትሞት ስትል ልጇን ቤንኦኒ፣ የኀዘኔ ልጅ፣ አለችው። ያዕቆብ ግን ብንያም አለው፣ የቀኝ እጄ ልጅ። ያዕቆብ ለምን እንደ ለወጠው መጽሐፉ አይነግረንም፤ እኛ ግን የአባት ርኅራኄ ይታየናል። ልጁ ዕድሜ ልኩን በተጠራ ቁጥር የእናቱን ሞት መሸከም የለበትም። ምትኩ የሚለው ስም በራሱ ክፋት የለውም። ልጁ ግን የሟቹ ጥላ ሆኖ እንዲኖር የሚፈለግ ከሆነ ቆም ብለን እናስብ።

ቀጥሎ ስሙን አያት ሊጠሩት ይችላሉን? ለአያት አፍ የማይመች፣ እኛም ትርጉሙን የማናውቀው ስም ከኢንተርኔት አምጥተን “መንፈሳዊ ነው” ብንል ማንን አነጽን?

በመጨረሻም የሚወስኑት ወላጆች ናቸው። ስሙ በጠንቋይ ቃል ወይም ለዛር በተገባ ስለት የታዘዘ ከሆነ አንቀበልም። ሕሊናችን የማይፈቅደው የቅዱሳን ስም ቢቀርብልንም ሳንዘልፍና ሳንሳለቅ፣ በአክብሮት እንለፈው። ከዚህ ውጭ ላለው ግን የእኛ ምክር ይህ ነው፦ ሁለቱም ስሞች መልካም ከሆኑ ሰላም የሚያመጣውን ምረጡ። አያት ያወጡትን መጠሪያ ብታደርጉት ወንጌል አይጐድልበትም። እናንተ የመረጣችሁትን ብታጸኑም አያት በራሳቸው የቤት ስም ይጥሩት። ሰሎሞንም በነቢዩ በናታን በኩል ይዲድያ ተብሎ ነበር፤ በሁለት ስም መጠራቱ አልጐዳውም።

አትቸኩሉም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደትን ለማስመዝገብ 90 ቀን ይሰጣል። በእነዚህ ቀናት አብራችሁ ጸልዩ፤ አያቶችን ቡና አፍልታችሁ “ይህን ስም ለምን ወደዱት?” ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ስም በስተጀርባ ማንም ያልጠየቃቸው ለቅሶ ወይም ምስጋና ሊኖር ይችላል። ወንጌልን ለዓመታት ልንነግራቸው የሞከርን ወላጆቻችን፣ ምናልባት ፍቅራችንን የሚያዩት ስማቸውን ስናከብር ይሆናል።

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ደስ ይበላችሁ ያላቸው ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ ነው (ሉቃስ 10፥20)። ልጃችን ናታንም ይባል ምትኩ ዋናው ጸሎታችን ይህ ይሁን፦ ጌታ ሆይ፣ እኛ ያወጣንለትን ስም አንተ በሕይወት መጽሐፍ ጻፍልን። አሜን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።