አንድ ቁጥር፣ አንድ ምስክር፦ የጀልባን ኢንቨርተርና ቻርጀር ከባሕር የመረጃ መረብ ጋር ስለ ማገናኘት

መግቢያ

በከተማ ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ኢንቨርተር ሥራውን ቢያቋርጥ ቤተሰቡ ሻማ አብርቶ ያመሻል። ከወደብ ርቆ በሚጓዝ ጀልባ ላይ ግን ከባትሪው ኃይል የሚወስዱት የአቅጣጫ መሣሪያው፣ ሬዲዮው፣ የጉዞ መብራቱና ወደ ጀልባው ሆድ የገባውን ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ ናቸው። ስለዚህ ባትሪው ምን ያህል እንደ ቀረው፣ ቻርጀሩ እየሞላ መሆን አለመሆኑን፣ ኢንቨርተሩም ምን ያህል ጭነት እንደ ተሸከመ ከጀልባ ነጂው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ማየት ቅንጦት አይደለም። ኢንቨርተሩንና ቻርጀሩን ከጀልባው የመረጃ መረብ ጋር ማገናኘት ዛሬ የተለመደ ሥራ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሥራ ስንይዝ ገመዱ ተሰክቶ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሥራው እንደ ተጠናቀቀ እንቆጥራለን። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ቁጥር መታየቱ ብቻውን የግንኙነቱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም የሚል ነው። ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። አንደኛ፣ ስለ ባትሪው የሚመሰክረው የትኛው መሣሪያ ነው? ሁለተኛ፣ መረቡ ዝም ሲል እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ያደርጋል? እነዚህ ጥያቄዎች ያልተመለሱበት ግንኙነት ነጂውን ከማገዝ ይልቅ ሊያዘናጋው ይችላል።

መሣሪያውና መረቡ

ኢንቨርተርና ቻርጀር ብዙ ጊዜ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጣምረው ይሠራሉ። ጀልባው ወደብ ላይ ቆሞ የኤሌክትሪክ መስመር ሲያገኝ ሣጥኑ ባትሪውን ይሞላል፤ የመጣውንም ኃይል ለጀልባው ዕቃዎች ያስተላልፋል። መስመሩ ሲነቀል የባትሪውን 12፣ 24 ወይም 48 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ወደ 230 ቮልት ተለዋዋጭ ከረንት ይለውጣል። የሚያልፍበት ከረንት ቀላል አይደለም። በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 3000 ዋት የሚወስድ ጭነት፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይቆጠር እንኳ፣ 250 አምፔር ይጠይቃል።

በመዝናኛና በአነስተኛ ጀልባዎች ላይ በስፋት የሚገኘው የመረጃ መረብ ኤንኤምኢኤ 2000 ይባላል። ስሙን ያገኘው ደረጃውን ካወጣው የአሜሪካ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር ነው። ከእርሱ የቀደመው ኤንኤምኢኤ 0183 አንድ ተናጋሪና ጥቂት አድማጮች የሚገናኙበት፣ በመደበኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 4800 ቢት የሚያስተላልፍ ሥርዓት ነበር። አዲሱ የተመሠረተው የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ለመኪና ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ባደረገው ካን ባስ ላይ ነው። በሰከንድ 250,000 ቢት ያስተላልፋል፤ በአንድ ዋና ገመድ ላይም እስከ 50 መሣሪያዎች ይቀበላል። ከዋናው ገመድ ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚወርደው ቅርንጫፍ ከ6 ሜትር መብለጥ የለበትም። በዋናው ገመድ ሁለት ጫፎች ላይ 120 ኦም ሬዚስተር ይገጠማል። ስለዚህ የመረቡ ኃይል ተቋርጦ በሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች መካከል ሲለካ 60 ኦም አካባቢ መገኘት አለበት። 120 ኦም ከተገኘ አንዱ ጫፍ ጎድሏል፤ 40 ኦም ከተገኘ ደግሞ ሦስተኛ ሬዚስተር ያለ ቦታው ገብቷል ማለት ነው።

በመረቡ ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ መልእክት መለያ ቁጥር አለው። 127508 የባትሪውን ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሙቀት ይናገራል፤ 127506 የቀረውን የኃይል መጠን በመቶኛ ይገልጻል፤ 127507 የቻርጀሩን፣ 127509 ደግሞ የኢንቨርተሩን ሁኔታ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ብዙ ኢንቨርተሮች ይህን ቋንቋ በቀጥታ አይናገሩም። የቪክትሮን መሣሪያዎች ቪኢ ባስ በተባለ የራሳቸው መስመር፣ የማስተርቮልት መሣሪያዎችም ማስተርባስ በተባለው ይነጋገራሉ። በሁለቱም ዘንድ መካከል የሚገባ አስተርጓሚ መሣሪያ ያስፈልጋል። የቪኢ ባስ መሰኪያ ቅርጹ የኮምፒውተር ኔትወርክ ገመድ ከሚሰካበት ጋር አንድ ነው፤ የመሰኪያ ቅርጽ አንድ መሆን ግን የቋንቋ አንድነት ማለት አይደለም።

አንድ ቁጥር፣ አንድ ምስክር

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ቻርጀሩ የሚለካው በራሱ በኩል የሚያልፈውን ከረንት ብቻ ነው። ቻርጀሩ ወደ ባትሪው 40 አምፔር ይልካል እንበል። በዚያው ሰዓት ከባትሪው መስመር በቀጥታ የሚመገቡት ማቀዝቀዣ፣ መብራትና ፓምፕ በድምሩ 50 አምፔር ይወስዳሉ። ቻርጀሩ በመረቡ ላይ «40 አምፔር እየሞላሁ ነው» ብሎ ይናገራል፤ ንግግሩም እውነት ነው። ባትሪው ግን በየሰዓቱ 10 አምፔር-ሰዓት እየጎደለ ነው። ነጂው በስክሪኑ ላይ የመሙላት ምልክት እያየ ባትሪውን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ቻርጀሩ አልዋሸም፤ እኛ ነን የማያውቀውን የጠየቅነው።

ይህን ጥያቄ በትክክል ሊመልስ የሚችለው ወደ ባትሪው የሚገባውም የሚወጣውም ከረንት ሁሉ የሚያልፍበት መለኪያ ነው። እርሱም በባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ላይ የሚገጠመው ሻንት ነው። በሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ላይ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ በመሙያው መካከለኛ ክልል ላይ እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ ቮልቴጁን አይቶ የቀረውን መቶኛ መገመት አያስተማምንም። የገባውንና የወጣውን አንድ በአንድ መቁጠር ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ በመልእክቱ ውስጥ ያለው የባትሪ ተራ ቁጥር ነው። ኤንኤምኢኤ 2000 ከአንድ በላይ ባትሪዎችን ለመለየት ለእያንዳንዱ ተራ ቁጥር ይሰጣል። አስተርጓሚው መሣሪያና የሻንቱ መለኪያ ሁለቱም 127508ን በተራ ቁጥር 0 ሲልኩ ስክሪኑ ማንኛውን እንደሚያምን የሚነግረው የለም። ይህን በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ሆን ብዬ ሞክሬዋለሁ። በስክሪኑ ላይ ያለው የከረንት መጠን ከአንዱ ምስክር ወደ ሌላው እየዘለለ ሲለዋወጥ ታየ፤ የስሕተት ማስጠንቀቂያ ግን አልመጣም። በመረቡ ዐይን ሁለቱም ሕጋዊ መልእክቶች ነበሩና።

ስለዚህ ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት የአንድ ገጽ ሠንጠረዥ መዘጋጀት አለበት እላለሁ። በሠንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ልክ፣ የሚለካው መሣሪያ፣ የሚላክበት ተራ ቁጥርና የሚያነበው ስክሪን ይጻፋል። ለአንድ ቁጥር ሁለት ምስክር ከተገኘ አንዱ ዝም እንዲል ይደረጋል፤ ወይም የተለየ ተራ ቁጥርና ስም ይሰጠዋል።

ዝምታ ምን ማለት ነው?

መረቡ ለማየት ብቻ ሳይሆን ለማዘዝም ሲውል ጥያቄው ይከብዳል። የካን ባስ መሠረታዊ ሥርዓት መልእክቱን የላከው ማን እንደ ሆነ አያረጋግጥም። ከዚህም ሌላ የጨው እርጥበት መሰኪያዎችን ይበላል፤ የሞገድ ንዝረት ያላላቸዋል፤ የመረቡ የራሱ ኃይልም ፊውዝ ሲቃጠል ይቋረጣል። በባሕር ላይ የመረቡ ዝምታ እንግዳ ነገር ሳይሆን ቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ሁኔታ ነው።

የሊቲየም ባትሪን እንውሰድ። ከሴሎቹ አንዱ የቮልቴጅ ጣሪያው ላይ ሲደርስ የባትሪው ተቆጣጣሪ መሙላት እንዲቆም ማድረግ አለበት። ይህ ተቆጣጣሪ «አቁም» የሚለውን ትእዛዝ በመረቡ ብቻ የሚልክ ከሆነ፣ ገመዱ በተበጠሰ ጊዜ ትእዛዙ አይደርስም፤ ቻርጀሩም መሙላቱን ይቀጥላል። ሥርዓቱ ተገልብጦ ሲሠራ ግን ቻርጀሩ የሚሞላው «ሙላ» የሚል ፈቃድ በየጊዜው ሲታደስለት ብቻ ይሆናል፤ ፈቃዱ ሲቋረጥ በራሱ ይቆማል። በጥንቃቄ የተሠሩ ሥርዓቶች የሚከተሉት ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። በእኔ አመለካከት ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ የመሙላት ፈቃዱ ከመረቡ ውጭ በራሱ ሽቦም መሄድ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። የሞተሩ አልተርኔተር እየሞላ ሳለ ባትሪው በድንገት ከመስመሩ ቢቆረጥ ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘልላል፤ የአልተርኔተሩን ዳዮዶችና ሌሎች መሣሪያዎችን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የኃይል ምንጮቹ እንዲቆሙ ይደረጋል፤ ባትሪው የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ፣ እንደ መጨረሻ መከላከያ ነው።

ለኢንቨርተሩ ግን የዝምታ ትርጉም ሌላ መሆን አለበት። ስክሪኑ ስለ ተበላሸ ወይም አስተርጓሚው ስለ ተነቀለ ብቻ ለዕቃዎቹ የሚሄደው ኃይል ሊቋረጥ አይገባም። ባትሪውም ጭነቱም በልካቸው ከሆኑ ኢንቨርተሩ በነበረበት ይቀጥል። ለቻርጀር ዝምታ «ቁም» ሲሆን ለኢንቨርተር «ቀጥል» ይሆናል። ይህን ልዩነት መወሰን የነዳፊው ኃላፊነት ነው፤ መረቡ አይወስንለትም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች ተጨማሪ ሽቦ መዘርጋት የመረቡን ዓላማ ያፈርሳል ይላሉ፤ መረቡ የመጣው ሽቦ ለመቀነስ ነውና። ተቃውሞው ስለ መረጃ ከሆነ ትክክል ነው። ስለ አደጋ መከላከያ ሲሆን ግን የምንጨምረው ጥንድ ሽቦ ነው፤ የምንጠብቀውም በጀልባው ላይ ያለውን ሰው ነው።

ሌሎች ደግሞ ሁሉን መሣሪያ ከአንድ አምራች መግዛት ችግሩን ይፈታል ይላሉ። በርግጥ በአንድ እጅ የተነደፈ ሥርዓት እርስ በርሱ የመግባባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዋጋው ግን መቆለፍ ነው፤ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ተተኪው የሚገኘው ከዚያው አምራች ብቻ ይሆናል። የኤንኤምኢኤ 2000 የመልእክት ዝርዝር ራሱ በክፍያ የሚገኝ ሰነድ ነው። ካንቦት የተባለው በነጻ የሚሠራጭ ፕሮጀክት በመረቡ ላይ የሚያልፉትን መልእክቶች እየተመለከተ ትርጉማቸውን ባይፈታ ኖሮ፣ እንደኛ ያለ ተማሪ ብዙውን ነገር ከውጭ ሆኖ ባየ ነበር። ደግሞም ሁሉን ከአንድ አምራች መግዛት ምስክሩን የመምረጥ ኃላፊነት አያስቀርም።

ለእኛ ያለው ጥቅም

አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ጉዳዩ ግን ሩቅ አይደለም። በጣና ሐይቅ ላይ ሰው የሚያጓጉዙ የሞተር ጀልባዎች አሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛም በውጭ መርከቦች ላይ የሚሠሩ የባሕር መሐንዲሶችንና የኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንኖችን ያፈራል። በትልልቅ መርከቦች ላይ የሚገኘው መረብ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ጥያቄዎች ግን እዚያም አይቀሩም። ከዚህ በተጨማሪ ኢንቨርተርና ቻርጀርን በአንድ የያዘው ይኸው ሣጥን በየብስ ላይ ከሶላር ጋር ተጣምሮ ያገለግላል።

በዚህ መነሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዘርፉ የሚቀርብ የማስተርስ ጥናት ስክሪኑን በማሳየት ብቻ እንዳይጠናቀቅ፣ የመንቀል ፈተና ይጨመርበት። አንዱ የጫፍ ሬዚስተር ይነሣ፤ የመረቡ ኃይል ይቋረጥ፤ አስተርጓሚው ይነቀል፤ በአንድ ተራ ቁጥር ሁለት ምስክር ይግባ፤ የባትሪ ተቆጣጣሪው መልእክት ይቁም። በእያንዳንዱ ጊዜ ቻርጀሩ፣ ኢንቨርተሩና ስክሪኑ ምን እንዳደረጉ፣ በስንት ሰከንድ እንዳደረጉትም ይመዝገብ። ፈተናው መጀመሪያ በላቦራቶሪ፣ በአነስተኛ ከረንትና ኃላፊ ባለበት ይካሄድ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

በተለይ የመጀመሪያው ፈተና ትምህርት አለው። ገመዱ አጭር በሆነበት የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሬዚስተር ጎድሎም መረቡ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል፤ ረጅም ገመድና ብዙ ቅርንጫፍ ባለበት ጀልባ ላይ ግን ያው ጉድለት መልእክቶችን ያበላሻል። ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ጀልባው የሚሄደው ውጤታችን ይህን ልዩነት ተሸክሞ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ለመምህራኖቻችን ከማሳየታችን በፊት ገመዱን እንንቀልና የሚሆነውን እንጻፍ።