መቁረጫ ነጥቡ ዝቅ ያለ ትምህርት ሁሉ ዝቅ ያለ ትምህርት ነው?



ባለፈው ዓመት በዲፓርትመንት መምረጫ ሳምንት፣ ከመግሪብ ሶላት ስንወጣ አንድ የሶሻል ፍሬሽማን ተማሪ አስቆመኝ። «አኺ፣ ታሪክን አንደኛ ምርጫ ባደርገው ምን ይመስልሃል?» አለኝ። ውጤቱን ጠየቅኩት፤ ጥሩ ነበር። «በዚህ ውጤት ታሪክ? ሕግና ኢኮኖሚክስ እያለልህ? አታባክነው» አልኩት። ሰማኝ፤ ኢኮኖሚክስ ገባ። ልጁ ወሎ ውስጥ በመድረሳ ያደገ፣ ነሕውና ሶርፍ የቀራ፣ የድሮ ሸይኾች በእጃቸው የጻፉትን ኪታብ የሚያነብ መሆኑን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ስለ ውጤቱ ጠየቅኩት እንጂ ስለ እሱ አልጠየቅኩትም። ዘንድሮም ያ ሳምንት እየመጣ ስለሆነ ስሕተቴ እንዳይደገም ይህን ጻፍኩ።

አሠራሩን እናስተውል። የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶ ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ይህን ያለፉት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በሬሜዲያል የመጡትም ሌላ ወንፊት አልፈው ነው። ስለዚህ እዚህ ግቢ ውስጥ ለማንም ትምህርት «የማይበቃ» ሰው አለ ማለት ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ምደባው በአብዛኛው በፍሬሽማን ውጤትና በምርጫ ቅደም ተከተል ይሠራል። ሕግና ኢኮኖሚክስ ብዙ ሰው ስለሚሰለፍባቸው መቁረጫቸው ከፍ ይላል፤ ታሪክና ቋንቋ ሰልፋቸው አጭር ስለሆነ ዝቅ ይላል። መቁረጫ ነጥብ የሚለካው የሰልፉን ርዝመት ነው፤ የዕውቀቱን ክብደት አይደለም። እኛ ግን ሁለቱን አደባለቅናቸው። ውጤቱም ታሪክ ክፍል የሚሞላው ታሪክ በሚወዱ ሳይሆን ሌላ ቦታ ባልደረሳቸው ተማሪዎች መሆኑ ነው።

በሌላ መንገድ የሚቀበሉም አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አመልካቹን በተግባር ይፈትናል፤ ስሎ እንዲያሳይ ይጠይቀዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ችሎታ ይፈትሻል። «ስንት አመጣህ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ትችላለህ?» ይላሉ። የታሪክና የቋንቋ ክፍሎችም አጭር ቃለ መጠይቅ ቢጨምሩ ምን ነበረበት? ዐረብኛ የሚያነብ፣ ዐጀሚ የሚለይ ልጅ ዓመታት የፈጀ ዝግጅት ይዞ ነው የሚመጣው። ዛሬ ግን መድረሳ የቆየበት ጊዜ በምደባው አንዲት ነጥብ አታስገኝለትም።

ጉዳዩ ለእኛ ከሌላው ይበልጥ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በሐረር፣ በወሎ መስጂዶችና በየሸይኾቹ ቤት የዐረብኛና የዐጀሚ የእጅ ጽሑፎች አሉ። ማን ያንብባቸው? ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተማሩ ምሁር ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሞ እስካሁን ይጠቀሳል። እሳቸውንም ያኔ «አታባክነው» የሚል እንደኔ ያለ መካሪ አግኝቷቸው ቢሆን ኖሮስ? ታሪካችንን ሌላው አልጻፈልንም እያልን ጁምዓ በጁምዓ እናማርራለን፤ ሊጽፍ የሚችለውን ልጅ ግን ራሳችን እንመልሰዋለን።

«ሥራስ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው ልጅ ይህን ማሰብ አለበት። የታሪክ ምሩቅ ሥራ ለማግኘት ይቸገራል፤ አልዋሽም። ነገር ግን እኔ ኢንጂነሪንግ ላይ ነኝ፤ ከእኛ ዲፓርትመንት ተመርቀው ቤታቸው የተቀመጡ ወንድሞችን አውቃለሁ። የመውጫ ፈተናውም ለሁላችንም ያው 50 ከመቶ ነው። ሳይወዱ የገቡበትን ትምህርት አራትና አምስት ዓመት ተሸክሞ እዚያ መድረስ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ለጀመዓው፦ ለፍሬሽማኖች በምናዘጋጀው የምክር ፕሮግራም መድረኩ ላይ የሚቀመጡት ሁልጊዜ የሕክምናና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ናቸው። ዘንድሮ የታሪክ፣ የቋንቋና የሶሲዮሎጂ ተማሪዎችም ይቀመጡ፤ ጥሩውንም መጥፎውንም ራሳቸው ይንገሩን። ለፍሬሽማኖች ደግሞ፦ ኢስቲኻራ ስገዱ፣ የምትወዱትን ለዩ፣ በእጃችሁ ያለውን ዕውቀት ቁጠሩ፤ መድረሳ የቀራችሁትንም ጨምሩ። ኢኮኖሚክስ የምትወዱ ኢኮኖሚክስ ግቡ፤ ታሪክ የምትወዱ ግን አንደኛ ላይ ለመጻፍ አትፈሩ።

ያ ወንድሜ አሁንም ሲያገኘኝ በፈገግታ ሰላም ይለኛል። አፉ እንዲለኝ ጠይቄዋለሁ። «ቀደሩሏህ ነው፣ አኺ» አለኝ። አላህ ኸይሩን ያድርግለት፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ነጥቡ ከመጠየቄ በፊት ስለ ሰውየው እጠይቃለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።