የገበሬ ብድር በክፉ ዓመት ይመዘን

ብድር ለአባካኝ ሰው የጥፋት መንገድ፥ ለትጉህ ገበሬ ግን የልማት መሣሪያ ነው። በሬ ለመግዛት፥ የውሃ መሳቢያ ሞተር ለመትከል፥ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በጊዜው ለማግኘት ጥሪት የሌለው አራሽ፥ ጉልበቱ ብቻውን ሩቅ አያደርሰውም።

የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፥ ገበሬው የሚያርሰውን መሬት መሸጥም ሆነ በመያዣ መስጠት ተከልክሎ ኖሯል። ባንኮችም ቤትና ሕንፃ መያዣ ስለሚጠይቁ፥ ባላገሩ ወደ አራጣ አበዳሪ ደጅ መሄዱ አልቀረም። አሁን ግን በሩ ተከፍቷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና ሰብል፥ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ በመሬት የመጠቀም መብት ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ ፈቅደዋል። መሬቱ ራሱ ግን እንደ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፥ አይለወጥም።

እንግዲህ የቀረው ጥያቄ፥ «የገቢዬን ስንት እጥፍ ልበደር?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው አብልጦ የሚሰጠውን አበዳሪ ሲፈልግ ይታያል። በእንግሊዝ አገር እንኳ፥ ደመወዝ በየወሩ በሚከፈልበት፥ የዓመት ገቢን 4.5 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚያህሉ የቤት ብድሮች ከአበዳሪው አዲስ ብድሮች ከመቶ 15 እንዳይበልጡ በ2014 እ.ኤ.አ. ተወስኖ ነበር። የእኛ ገበሬ ግን ደመወዙን የሚቀበለው ከዝናም ነው፤ ዝናምም ውል አይፈርምም።

ነገሩን በቁጥር እንመልከት። ከቤተ ሰቡ ቀለብ ተርፎ በዓመት 60,000 ብር የሚያገኝ ገበሬ፥ የገቢውን አራት እጥፍ፥ ማለት 240,000 ብር፥ ከመቶ 15 ወለድ በአምስት ዓመት ሊከፍል ተበደረ እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 36,000፥ የዋናው ገንዘብ ክፍያ 48,000፥ በድምሩ 84,000 ብር ይሆናል። ይህም ከትርፉ ሁሉ ይበልጣል። ዘመኑ ወደ አሥር ዓመት ቢራዘም እንኳ የመጀመሪያው ዓመት ዕዳ 60,000 ብር ነው፤ አንዲት ሳንቲም አትተርፍም። አንድ እጥፍ ብቻ ቢበደር ግን በአምስት ዓመቱ ውል የመጀመሪያው ክፍያ 21,000 ብር ይሆናል። ትርፉ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ከዕዳው 9,000 ብር ይተርፈዋል።

በእርግጥ ብድሩ አዲስ ገቢ የሚያመጣ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል፤ በመስኖ ሁለት ጊዜ የሚያመርት ሰው የበለጠ ሊሸከም ይችላል። ነገር ግን ገና ያልታጨደ ሰብል እንደ ተሸጠ ሊቈጠር አይገባም።

ስለዚህ አበዳሪዎች መያዣውን ብቻ ሳይሆን የክፉውን ዓመት ምርት ይጠይቁ፤ የክፍያውንም ቀን በክረምት ሳይሆን ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ያድርጉት። የቀበሌና የወረዳ ሹማምንት የይዞታ ደብተሩን በጥንቃቄ ይመዝግቡ፤ የውሉንም ትርጉም ለገበሬው ያስረዱ። ገበሬውም ከመፈረሙ አስቀድሞ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ይምከር፤ የመጠቀም መብቱ የቤተ ሰቡ ሁሉ እንጀራ ነውና።

መልካም አበዳሪ የሚባለው አብዝቶ የሚሰጥ አይደለም፤ ገበሬው ከፍሎ ሊጨርስ የሚችለውን ያህል የሚሰጥ ነው።